እስኪያረጁ የሚጠበቁት የጣሪያ ሸክላዎች

ለክቡር አቶ ይትባረክ
የነባር ቤቶች ገጽታ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም የቬንቲሌተርዎ ጤና እንዴት ነው? በዚህ የሐምሌ ወበቅ የሚያናፍስዎ ቬንቲሌተር አንድ ነገር ቢሆንብዎ የከዚራን ነባር ቤቶች ማን ይጠብቃቸዋል ብዬ ስለምሰጋ ነው እሱንም አብሬ የጠየቅሁት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ማለቴ፣ ዝናብ በማይዘንብበት ጊዜ ደኅና ነን።

ስሜ ስምረት ሀብተ ማርያም ይባላል። ከጽሕፈት ቤትዎ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ሁሉ የሸክላ ጣሪያ ባለው የባቡር ዘመን ቤት ውስጥ ከእናቴ ከወይዘሮ አስካለማርያም ጋር የምኖር፣ ቀን ቀን ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቼ ወደ ውጭ የሚላክ ሸሚዝ ስፌት የምመረምር ሴት ነኝ። እናቴ ይህን ደብዳቤ «አንተ» ብዬ እንድጽፈው መክራኝ ነበር። እንደሚያውቁት ድሬ ታላቁንም ታናሹንም አንተ ብላ ነው የምታኖረው፤ እናቴም አንቱ የሚባለው ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው ባይ ናት፤ እርስዎ ግን ቤታችን ገብተዋል፣ አልጋዋም ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ግን የመንግሥት ማኅተም የያዘን እጅ አንተ ለማለት አፌ አልደፈረም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ድረስ እርስዎ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ቢሰለችዎም ይታገሡኝ።

ከሥራ ብዛት ዘንግተውት ከሆነ ነገሩን ከሥሩ ላስታውስዎ። ባለፈው ዓመት ክረምት አውሎ ነፋስ ሲነሣ ከመንገዱ ዳር ያለው ትልቁ ዛፍ ቅርንጫፉን ጣለ፤ የጣለው ደግሞ እናቴ በምትተኛበት፣ ሌላም በሌለን ክፍል ጣሪያ ላይ ነው። ሸክላዎቹ ረገፉ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የምድር ባቡር መካኒክ ነበር፤ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የተንሸራተተውን ሸክላ እየመለሰ፣ የተሰነጠቀውን እየለወጠ ያቆየው ጣሪያ ነው። እሱ ሲሞት ያስቀመጠው መለዋወጫ ሸክላም አብሮ አለቀ። እኔም የቸገረው ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ቆርቆሮ ገዝቼ በክፍሏ ላይ አስመታሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ስለሠራው፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ቆርቆሮው ተመትቶ ሳያልቅ ሠራተኞችዎን ልከው ስላስነሡት ከልብ አመሰግናለሁ። ለአንድ ተራ ማመልከቻ መልስ ለማግኘት ዓመት በሚፈጅበት አገር፣ አናጺው መዶሻውን ገና ሳያስቀምጥ የደረሰ ጽሕፈት ቤት ማየት የሚያኮራ ነው። የተሰጠኝ ማስጠንቀቂያም እጅግ ግልጽ ነበር፤ ነባር ቤት የሚጠገነው በነባሩ ዓይነት ሸክላ ብቻ ነው ይላል። ነባሩ ዓይነት ሸክላ በአገራችን የሚሠራበት ቦታ እንዳለ ብጠይቅ ሠራተኛዎ በትሕትና እንደሌለ ነገረኝ። ታዲያ ከየት ላምጣ ስለው፣ የመጀመሪያዎቹ ከመጡበት ብሎ መለሰልኝ። የመጀመሪያዎቹ የመጡት በመርከብ ነው።

ሁለተኛ። በቆርቆሮው ፋንታ የዘረጋሁት ሰማያዊ ሸራ ለከተማው ገጽታ እንደማይስማማ በጽሑፍ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ቡናማ ገዝቼ ቀይሬዋለሁ። ቡናማው ከሰማያዊው ይልቅ ያፈስሳል፤ ከመንገድ ሲታይ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምራል።

በዚሁ ላይ ቤታችን ድረስ መጥተው የጎበኙን ቀን አይረሳኝም። ካፊያ ነበር። እናቴ አልጋዋ ደረቁ ጥግ ተጠግቶላት ተኝታ ሳለ እርስዎ ሲገቡ እግሯን ሰብስባ «ና እዚህ ተቀመጥ ልጄ፣ እዚያ ያንጠባጥብብሃል» አለችዎ፤ እርስዎም በክፍሉ ውስጥ ባለችው ብቸኛ ደረቅ ቦታ ላይ፣ ማለትም ከእግሯ ሥር፣ ተቀመጡ። ከዚያ ቀና ብለው የእንጨት ኮርኒሱን አዩና እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ዛሬ እንደማይገኝ፣ እንዳይነካ መጠበቅ እንዳለበት አስረዱን። እናቴ ስለ ኮርኒሷ የተነገረውን ምስጋና እየሳለች ተቀበለች። ጎረቤታችን ናስራ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበርና እርስዎ ከወጡ በኋላ «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ኮርኒሱን ነው ሊጠይቅ የመጣው ወይስ በሽተኛዋን?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን የምነግርዎ ላሳቅቅዎ ብዬ አይደለም፤ ጥያቄዋን የሚመልስ ሰው ስላጣሁ ነው።

ሦስተኛ። እናቴን የባሕር መንገድ ስላስተማሩልኝ አመሰግናለሁ። የናስራ ልጅ ሚክዳድ የሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ዕቃውን ከቱርክ አገር በኮንቴይነር ያስመጣል። ችግራችንን ሲሰማ ያንኑ ቅርጽ ዛሬም የሚተኩስ የሸክላ ፋብሪካ እዚያው አፈላልጎ አገኘና፣ ከራሱ ጭነት የመታጠቢያ ገንዳዎቹን አስቀርቶ ለእናቴ ሸክላዎች የኮንቴይነሩን ጥግ ለቀቀላቸው። የጣሪያ ሸክላ በመርከብ ሲሄድ አይተኛም፤ ተኝቶ ከተደራረበ ማዕበሉ ሲንጠው የታችኛው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በጎኑ ቆሞ፣ በመካከሉ ጭድ ተጠቅጥቆለት ነው የሚጫነው። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ እኔ በጀርባዬ ተኝቼ እነሱ ቆመው ነው የሚመጡልኝ ብላ አዘነችላቸው።

መርከቡ በቀጥታ ቢመጣ ኖሮ ደግ ነበር። ነገር ግን ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ይመታል እየተባለ ሁሉም በፈራበት ጊዜ ስለነበር፣ ሸክላዎቻችን በሜዲትራኒያን ወደ ምዕራብ ወጥተው፣ አፍሪካን በሙሉ በደቡብ ጫፍ ዞረው፣ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ተመልሰው ነው ጅቡቲ የደረሱት። ሚክዳድ መርከቡን በስልኩ ላይ እንደ ነጥብ አድርጎ ያሳየን ነበር። አዋሽን ተሻግራ የማታውቀው እናቴ በየማለዳው ሸክላዎቿ የት እንደደረሱ ትጠይቃለች፤ ነጥቧ ካልተንቀሳቀሰች ቁርሷን አትበላም። አንድ ቀን ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ላይ ማዕበል ተነሥቶ መርከቦች እንደቆሙ ሚክዳድ ነገራት። የዚያን ዕለት እኛም ዘንቦብን አልጋዋን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስንገፋ እየዋልን ነበር። እሷ ግን ራሷን ትታ፣ እነዚያ የሰው ልጆች ለእኔ ጣሪያ ብለው ውኃ ላይ ናቸው፣ እመቤቴ ሆይ ጠብቂያቸው እያለች ስትጸልይ ዋለች። ስማቸውን ለማታውቀው መርከበኞች ያን ያህል ስትጨነቅ ሳይ፣ ስሟን በማመልከቻዎች ላይ ደጋግመው ያነበቡት ሰዎች ምን ያህል እንደሚጨነቁላት አሰብሁ። አስቤም ተውኩት።

ጅቡቲ ሲደርሱልን እልል ነው ያልነው። በባቡር ወደ እኛ ደረቅ ወደብ መጡ፤ ኮንቴይነሩ ሲከፈት እኔም ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄጄ ነበር። ሁለት ውቅያኖስና ስንት ባሕር ተሻግረው ሲመጡ የተሰበሩት ጥቂት ብቻ ናቸው። የቀሩት ቀይ፣ የሚያበሩ፣ በጣት ሲመቷቸው እንደ ደወል የሚጮሁ ነበሩ። አንዱን ይዤ ለእናቴ አሳየኋት። ደረቷ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን ደባበሰችው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነበር ለካ።

አራተኛ፣ ከሁሉም በላይ የማመሰግንዎ በዚህ ነው። ሸክላዎቹ ጣሪያ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ለምርመራ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ግቢ እንዲገቡ አዘዙ፤ ገቡ። ኮሚቴ ተቀመጠ። ኮሚቴው ቅርጹ ትክክል፣ መጠኑ ትክክል፣ ጥራቱ ትክክል መሆኑን አረጋገጠና፣ ቀለሙ ግን አዲስ ስለሆነ ከነባሩ ጋር አይመሳሰልም አለ። በመሆኑም ሸክላዎቹ ቀለማቸው ደብዝዞ ነባሩን እስኪመስሉ ድረስ በግቢው ውስጥ ለፀሐይና ለዝናብ ተጋልጠው እንዲቆዩ ተወሰነ። እኔም በፓርኩ የጥራት ተቆጣጣሪ ስለሆንኩ ዕቃ አይሆንም ብሎ መመለስ ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አዲስ ሸሚዝ አዲስ ሆኖ መጣ ብዬ መልሼ አላውቅም፤ ዕውቀቱ ስለሚያንሰኝ ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ ሸክላ የሚያረጀው ምን ላይ ሆኖ እንደሆነ ኮሚቴው ቢያስብበት ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር! ፀሐይና ዝናብ ይበልጥ የሚያገኘው ጣሪያ ላይ ሲወጣ ነው፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ግን ሲያረጅ ነው ተባለ። ነባሮቹን እንዲህ ያደበዘዛቸው የድሬ ፀሐይ ከባቡሩ መምጣት ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው። እናቴ ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች። ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚያረጅ ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልግም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ ላም ግን ሰማይ ላይ እንኳ አይደለችም፣ ከቤቴ ትንሽ ከፍ ብላ በእርስዎ ግቢ እንደ በርበሬ ተሰጥታለች፤ ሥራ ስሄድና ስመለስ በአጥሩ ቀዳዳ አያታለሁ።

አምስተኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ለናሙና ብላችሁ ከጣሪያችን ስለወሰዳችሁት ደህና ሸክላ ነበር፤ ጠረጴዛዎ ላይ ቬንቲሌተሩ ወረቀት እንዳይበትን መጫኛ ሆኖ አየሁት፤ ከሥሩ የተጫነው ደግሞ የእኔው ማመልከቻ ነው። ከጣሪያችን ቢያንስ አንዱ ሸክላ ሥራ ላይ በመዋሉ ተጽናንቻለሁና ይህን ቅሬታ ትቼዋለሁ።

አሁን ቀልዱን ላቁም። ፈርቻለሁ፤ ክቡርነትዎን ሳይሆን ደመናውን። ፓርኩ ውስጥ የሸሚዝ እጅጌ ይዤ ቆሜ ሳለ ከደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር እጅጌውን አስቀምጬ ስልኬን አወጣለሁ። ያኔ ለናስራ እደውላለሁ፤ እሷም ሥራዋን ትታ ሮጣ የእናቴን አልጋ ታነሣለች። ወደ ቤቷ እንዳትወስዳት ልጇ ዊዳድ አራስ ናት፤ ቤቱ ደግሞ አንድ ክፍል ነው። ሐኪሙ የእናቴ ሳንባ ውኃ እየቋጠረ መሆኑን ነግሮኛል፤ መድኃኒቱንም ጽፎ ሲያበቃ፣ ይህ ሁሉ ግን ደረቅ ክፍል ከሌለ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብሎኛል። የእርስዎ ሠራተኛ ይህን ስነግረው ድሬ ሙቀት ስለሆነ ለምን ግቢ አልጋ አውጥታ እንደ ድሮ ሰው ውጭ አትተኛም ብሎኛል። እውነት ነው፣ ድሮ በሙቀት ጊዜ መላው ሰፈር አልጋውን አውጥቶ ግቢ ይተኛ ነበር። ያኔ ግን ሰው ውጭ የሚተኛው ዝናብ ሲመጣ የሚገባበት ቤት ስለነበረው ነው።

የምለምንዎ ከሁለቱ አንዱን ነው። ወይ ሸክላዎቹን ይስጡኝ፣ አዲስነታቸውን ይቅር ይበሉልን፤ እናቴ ጥላ ሥር እነሱ ፀሐይ ላይ ሆነው አብረው ያርጁ። ወይ ደግሞ እስከዚያ ድረስ በአልጋዋ ትክክል ብቻ፣ ከመንገድ በማይታየው በጓሮ በኩል፣ ቆርቆሮ እንዳስመታ ይፍቀዱልኝ፤ ቡናማ ቀለም እቀባዋለሁ፤ ብፈልግ አርጅቶ የዛገም አላጣም።

ጣሪያዎ የማያፈስስ፣ ፊርማዎ የማይደክም፣ ኮሚቴዎ የማይጎድል እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከቡናማ ሸራ ሥር እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ስምረት ሀብተ ማርያም
ከዚራ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያየው በፖስታ አሽጌ ለእጅዎ ልሰጥ ትናንት መጥቼ ነበር። በር ላይ ስደርስ በአጥሩ ቀዳዳ ሸክላዎቼን ለማየት ጎንበስ አልኩ፤ ክምሩ ጎድሏል። ሌባ ሰርቋቸው ይሆን ብዬ ደንግጬ ቀና ስል አገኘኋቸው። ከግቢው ጀርባ ያለው የመዝገብ ቤት ጣሪያ ላይ ነበሩ፤ ከደበዘዙት ነባሮች መካከል እንደ አዲስ ጥርስ ቀልተው ከመንገድ ይታያሉ። ዘበኛው አብዲቃድር አፈረ፤ ሰሞኑን ዝናቡ መዝገብ ቤቱን አፍስሶበት ፋይል ሊረጥብ ሲል፣ ከዚያ ውጭ ደህና ሸክላ ስለሌለ በቃል ትእዛዝ እንደተወሰዱ ነገረኝ። ስለ ቀለሙ ኮሚቴ መቀመጥ አለመቀመጡን ጠይቄው ነበር፤ ዝናቡ እየመጣ ሳለ ማን ይቀመጣል አለኝ። ፖስታውን ቀድጄ ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ያኔ ነው፤ ዛሬ ጧት አንዱን ቅጂ በጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ሌላውን በሚክዳድ ሱቅ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አላጉረመርምም። አፍሪካን ዞረው የመጡት ሸክላዎች በመጨረሻ ሥራቸውን ይዘዋል፤ እናቴ ጣሪያ እንዲኖራት የለመንኩባቸው የቀድሞ ማመልከቻዎቼም በእናቴ ጣሪያ ሥር በደረቁ ተኝተዋል። ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣችም፤ ሳሉ እስኪያልፍላት ቆየችና ለእርስዎ እንዳደርስላት አንድ ጥያቄ ሰጠችኝ። ቃሏን ሳልለውጥ፣ እሷ በምትልበት «አንተ» እንዳለ አደርሰዋለሁ፦

«ልጄ፣ ክፍሉ ደረቅ ነው አሉኝ። ከወረቀቶቹ አጠገብ አልጋ ታስገባልኛለህ?»